የቆዳ ምግብ

«መጀመሪያ ሳያባብስ የሚያድን ነገር የለም ይባላል» ትላለች የልኬ አክስት። ማን እንዳለው ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ትለዋለች፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ እንክብል ስታሽግ ትለዋለች፤ ሌላው ቀርቶ ባሏ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ትለዋለች። ወሬ ሲደጋገም እውነት ይመስላል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሲደጋገም ግን ከእውነትም አልፎ የቤት ዕቃ ይሆናል፤ ሰው ሳያየው ይቀመጥበታል። አንዷ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ስትመጣ «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ በርቺ» ትባላለች። ሌላዋ ራሴን ይፈልጠኛል ስትል «ደምሽ እየጠራ ነዋ! ሳይነካሽ እንዲጠራልሽ ነው የፈለግሽው?» ትባላለች። መልሱ ያላጠገበው ካለ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ እዚያ የልጇ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። «ይቺ የማን ልጅ ናት? የኔ። ምን ስትውጥ አደገች? ይሄንኑ።» ከዚያ ወዲያ የሚከራከር የለም። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ፊቷ ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ የምትወድቅበት ነው፤ ሰፈሩም «ብርጭቆ» ብሎ ነው የሚጠራት። ብርጭቆ ካገባች ወዲህ የእናቷን ደጅ እምብዛም አልረገጠችም። እናትየዋ «ኑሮ ይዟት ነው» ትላለች፤ አባትየው ስሟ ሲነሳ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ፤ እዚያ ቤት ስለሷ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም።

ብርጭቆ ትታው በሄደችው ክፍል የምትኖረው የእህት ልጅ ያን ቀን ጠዋት ማበጠሪያዋን ከፀጉሯ ስታወጣ ጥርሱ መሃል የቀረውን ፀጉር አየችና ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን ራሷ ሲመለጥ እያወቀች ነበር፣ አፏን ግን ዘግታለች። የከንፈሯ ጠርዝ ተሰንጥቆ ስትስቅ ይደማል፤ መዳፏ ያሳክካታል፤ ከዓይኖቿ ኋላ አንድ ሰው ሚስማር ይዞ ቀስ እያለ የሚመታ ይመስላታል። ይህ ሁሉ ሆኖ መስታወቱ ፊት ስትቆም ደስታ አፈናት። ጉንጯ ላይ አንድም ብጉር የለም። ትንሿን መስታወት በትከሻዋ አሻግራ በትልቁ ውስጥ ጀርባዋን አየች፤ ያ እንደ ዶሮ ቆዳ የሚሻክረው፣ በነካችው ቁጥር የሚያሸማቅቃት ጀርባ ልስልስ ብሏል። መልኩ ብቻ ትንሽ ወደ ቢጫነት አድልቶባታል። የመስኮቱ ብርሃን ይሆናል አለች። መስኮቱ ላይ ብርጭቆ የተወችው አበባ አሮጌ ጣሳው ውስጥ እንደቆመ ደርቋል፤ አፈሩ ብርቱካንማ ቅባት ያለበት ቅርፊት ይዞ ተሰነጣጥቋል። አክስቷ «ባለቤቱ ስትሄድ አኩርፎ ነው» ትላለች። አበባ ማኩረፍ ቢችል እዚያ ቤት የሚያኮርፈው እሱ ብቻ ባልሆነ ነበር።

በሥራ ቦታዋ «ልኬ» ይሏታል። የሠርግ ልብስ የሚሰፋበትና የሚከራይበት ሱቅ ውስጥ ቬሎው ሁሉ የሚለካው በእሷ ላይ ነውና፣ ሰፊዎቹ «የኔ ልኬ፣ ነይ እስቲ ቁሚልኝ» እያሉ ስሙን አወጡላት፤ ወደደችው። ሙሽሮች ሲመጡ ልብሱን ለብሳ ትዞርላቸዋለች። አንድ ቀን መጋረጃው ጀርባ ሆና ቁልፏን ስታስቆልፍ ባለሱቋ ለአንዲት ሙሽራ ስትናገር ሰማች፤ «ፊቷን ተይው የኔ እመቤት፣ ልብሱን እዪ። እሷን መስቀያ በያት።» ሙሽራዋ ሳቀች። ልኬ መጋረጃውን ከፍታ ወጣች፣ ዞረች፣ ፈገግ አለች፣ ተመልሳ ገባች። ያን ዕለት ማታ ለወራት ስትሸሸው የኖረችውን የአክስቷን እንክብል እጇን ዘርግታ ለመነች። አክስቷም «ይኸው! ጆሮሽ ተከፈተ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

እንክብሉ፣ ውስጡ ብርቱካንማ ቅባት የሆነው፣ «የቆዳ ምግብ» ነው የሚባለው። የሚመጣው በትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ነው፤ ባልዲው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማንም በማያነበው ፊደል የተጻፈ ነበር። ደንበኞች ወረቀቱን እያዩ ጥያቄ ሲያበዙባት አክስቷ ባልዲውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ልጣፉን ላጠችው፤ ጥያቄውም አብሮ ተላጠ። ከዚያ በትናንሽ ጠርሙስ እየሞላች ትሸጠዋለች። ስንት ልውጥ ለሚላት «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው። ምግብ ደግሞ እስኪጠግቡ ነው» ትላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የእህቷን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ አሳድጋለች፣ ከራሷ ልጅ ሳትለይ አልብሳለች። የሌላ ሰው ልጅ ከምትጎዳ የራሷን ጣት ትቆርጣለች። ችግሩ፣ ያመነችበት ነገር ጉዳት ይሁን ጥቅም የሚያሳያት ሰው ሲመጣ የምታሳየው ፎቶ ነበራት።

ጠዋት ሻይ ላይ አክስቷ የልኬን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «አየሽ? አየሽ አይደል? ጋሼ፣ ይቺን ልጅ እስቲ ይዩአት!» የአክስቷ ባል ከሬዲዮናቸው ቀና አሉ። ፊቷን ሳይሆን ዓይኗን አዩ፤ ቆይተው አዩ። «ዓይኗ...» ብለው ጀመሩ። ሚስታቸው ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ ስታማታ ቆም አደረገች። ሽማግሌው ቀሪውን ቃል ከሻዩ ጋር ዋጡት። እንዲህ ነው እነሱ ቤት፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ነገሩ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ ይነሳል።

«ዛሬ ነው አይደል ፎቶው?» አለች አክስቷ።

«ዛሬ ነው እታለም። ከሰዓት።»

«እንግዲያው ዛሬ ደርቢው። ይደምቅልሻል።» መዳፏን ሙሉ ዘገነችላት።

ልኬ ዳቦው አልወርድ ብሏት ትታዋለች፤ ምግብ ሲሸታት ማቅለሽለሽ ከጀመራት ሰንብቷል። እንክብሉን ግን በሻይ እያወራረደች ዋጠችው። ልክ ስትጨርስ አፏን በመዳፏ ያዘች። «መጀመሪያ ሳያባብስ...» አለች አክስቷ፤ ልኬ በጭንቅላቷ ንቅናቄ ጨረሰችላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሱቋ በሱቁ መስኮት ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ እንኳ የሚታይ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ፎቶ ልትሰቅል ነው። መጀመሪያ ከውጭ ሞዴል ላስመጣ ብላ ነበር። ሰሞኑን ግን የልኬን ፊት አየችና «ምን አደረግሽው አንቺ? አምፖል ዋጥሽ?» አለቻት፤ ከዚያም እንደ ዋዛ «ተይ እስቲ አንቺን እንሞክራለን» አለች። መስኮቱ ላይ የወጣ ሰው መስቀያ አይባልም። ያቺ የሳቀች ሙሽራ በዚያ መንገድ ታልፋለች፤ ሁሉም ያልፋል። ልኬ ከዓለም የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር፤ ትልቅ ነገር አልጠየቀችም ብዬ አልከራከርላትም፤ የራሱን ፊት ሸሽቶ የማያውቅ ሰው ግን የነገሩን መጠን አያውቀውም።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ሁለት ጊዜ የምትወርድበትን ረሳችው። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ለምን እንደቆመች ለአፍታ ጠፋት። እንቅልፍ ማጣት ነው አለች። እንቅልፍ ግን አላጣችም ነበር፤ እንዲያውም ሰሞኑን ቁጭ ካለች ታንጎላጃለች፣ ሰፊዎቹም «ሙሽራው ሌሊት አላስተኛሽም?» እያሉ ይቀልዱባታል። የሚሠሩበት ክፍል ከሱቁ ኋላ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ የተደገፉ፣ ወለሉ ክር በክር የሆነ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባዶ ቬሎዎች ሰው የሌላቸው ሰዎች መስለው የተሰቀሉበት። ለሌላው ሰው ነጭ ነጭ ነው። እዚያ ክፍል ግን ነጭ ዘር አለው፦ ጥጥ ነጭ፣ ወተት ነጭ፣ ዕንቁ ነጭ፣ ቅቤ ነጭ። የወተት ነጩ ቬሎ በጥጥ ነጭ ክር ከተሰፋ ፎቶ ላይ ስፌቱ እንደ ጠባሳ ይወጣል። ስለዚህ ዋናዋ ሰፊ የክር ናሙና ያለበትን ካርቶን ሁልጊዜ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ያገኘችውን ሁሉ ነጭ ታመሳስላለች፤ የወረቀት ነጭ፣ የግድግዳ ነጭ፣ የሰው ጥርስ። ባለሱቋን እንኳ ጥርሷ የትኛው እንደሆነ ነግራታለች፤ ያን ወር ሙሉ ተኮራርፈው ነበር።

ልኬ የወተት ነጩን ቬሎ ለብሳ፣ ጀርባዋ በጥብጣብ እየታሰረ ሳለ ሰፊዋ ካርቶኑን ለጨርቁ ልታስጠጋ ስታነሳ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጇን እዚያው አቆመችው። ከዚያ ለጨዋታ ያህል ካርቶኑን ወደ ልኬ ዓይን አስጠጋች፤ ጣቷ ጥጡን አለፈ፣ ወተቱን አለፈ፣ ዕንቁውን አለፈ።

«ኸረ በስማም! ዓይንሽ ቅቤ ነጭ ሆኗል እኮ!»

ማሽኖቹ ቆሙ፤ ሁሉም ሳቁ። አንዷ «ቅቤው በዝቶባት ነው፣ የአክስቷ ቤት ጥጋብ ነው» አለች። ሌላዋ «ለፎቶው ብላ ቀብታው ነው» አለች። ልኬም ሳቀች፣ ከንፈሯም ደማ። ሰፊዋ ግን ሳቋን ቀድማ ጨረሰች። ጥብጣቡን እያጠበቀች ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «አንቺ ልጅ፣ ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሐኪም ቤት ሂጂ። ዛሬውኑ ሂጂ» አለቻት።

«እሄዳለሁ።»

«መቼ?»

«ከፎቶው በኋላ።»

ሰፊዋ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ባለሱቋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ልኬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ዞረቻት፣ የተራቆተውን ጀርባዋን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሱን ሳይሆን እሷን አየች። «እንዲህ ነሽና ነው እስከ ዛሬ የደበቅሽን?» አለች። ልኬ በዚያች ቅጽበት ሚስማሩን ረሳችው፣ ሆዷን ረሳችው፣ ቅቤ ነጩን ረሳችው። ሰው አንድ ጊዜ በትክክል ከታየ ለስንት ቀን ይበቃዋል? እሷ የዕድሜ ልክ ስንቅ መሰላት።

ፎቶ አንሺው ሁለት ትልልቅ መብራቶች አቆመ። የመብራቱ ሙቀት ፊቷን ሲመታው ከዓይኗ ኋላ ሚስማሩን የሚመታው መዶሻ ከበደ። ቀኝ ሲሉ ወደ ግራ ዞረች፤ ግራ ሲሉ ዝም ብላ ቆመች። «ትከሻሽን ልቀቂው የኔ ቆንጆ፤ አገጭሽን ወደዚህ፤ አይ፣ ወደዚህ» ይላል ሰውየው። ቃላቱን ትሰማቸዋለች፤ ትርጉማቸው ግን ከቃላቱ ኋላ ቀርቶ እየሮጠ የሚከተላቸው ይመስላታል። ባለሱቋ ትንሿን የካሜራ መስኮት ጎንበስ ብላ አየችና «ወይ ጉድ! ሥዕል!» አለች። ሰፊዋ መጋረጃው ሥር ቆማ ካርቶኗን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ዓይኗ ብቻ ትንሽ ወደ ቢጫ ሄዷል» አለ ፎቶ አንሺው ምስሉን ሰፋ አድርጎ። «መብራቱ ነው መሰለኝ። ችግር የለም፣ በኮምፒዩተር አነጣዋለሁ።»

«አንጣው፣ አንጣው» አለች ባለሱቋ። «ምን ችግር አለው።»

ልኬ ይህን ሰምታ ልትስቅ ፈለገች። ከሳቁ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር የወጣው። ጠዋት የዋጠችው ብርቱካንማ ቅባት በወተት ነጩ ቬሎ ደረት ላይ ፈሰሰ፤ እሷም እንደ ተፈታ ስፌት ወለሉ ላይ ተዘረገፈች። ባለሱቋ ጮኸች፤ «ልብሱን! ልብሱን ያዙት!» ዳርቻውን ለማንሳት የተሽቀዳደሙም ነበሩ። ሰፊዋ ግን መቀሷን አወጣችና፣ ለአንድ ወር ሙሉ በእጇ የሠራችውን ጥብጣብ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጉዞ ቆርጣ ልጅቷን ከውስጡ አወጣቻት።

ሰፊዋ ያደረሰቻት ክሊኒክ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ በመሃል አረንጓዴ መጋረጃ፤ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት። ልኬ ዓይኗን ስትከፍት መጋረጃውን ቬሎ መሰላትና «ይሄ የትኛው ነጭ ነው?» አለች። ሰፊዋ ፊቷን አዞረች። አክስቷ ተደውሎላት፣ ነጠላ ጫማዋን አንዱን ከራሷ አንዱን ከባሏ ተጫምታ እየሮጠች ገባች፤ እጇ ላይ ጠርሙሱ አለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ አይጨምርም አይቀንስም።

«ምን ስትወስድ ነበር?»

«ምንም መድኃኒት አትወስድም የኔ ልጅ። ቫይታሚን ብቻ ነው፤ የቆዳ።»

«ምን ቫይታሚን? ልጣፉስ የት አለ?»

አክስቷ ጠርሙሱን አገላበጠችው፤ ልጣፉን ራሷ እንደላጠችው ያኔ ትዝ ያላት መሰለች። «ምግብ ነው እኮ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«በቀን ስንት?»

አክስቷ ጠርሙሱን ወደ ሐኪሟ ገፋችው። ሐኪሟ አንዷን እንክብል በመቀስ ቆርጣ አሸተተች፣ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ሳትል «ጉበቷ በጣም ተጎድቷል፤ መርዙ ወደ ጭንቅላቷ መውጣት ጀምሯል። እዚህ ልናክማት አንችልም፣ ትልቁ ሆስፒታል አምቡላንስ እየላከ ነው» አለች። «ሌላ ይሄንን የወሰደ ሰው አለ? ምን እንደያዘ እስክናውቅ እሱንም ማየት አለብን።»

አክስቷ ፊቷ በራ፤ ሰጥሞ ገመድ ያገኘ ሰው ይመስል። «ልጄ! ልጄ ስንት ዓመት ሙሉ ውጣዋለች፣ ምንም አልሆነችም! ፊቷን ብታዪው... እኔ ልጥራት፣ ራስሽ ታያታለሽ!»

ብርጭቆ መጣች። አመሻሹ ላይ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ምንም ሳትቀባባ መጣች፤ ያ ፊት ዛሬም ያው ነው። ሐኪሟ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ጥፍሯን አየች፣ ደሟን ወሰደችና ሄደች። እናትና ልጅ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ። «ከሳሽ» አለች እናት። «አልከሳሁም» አለች ልጅ። ልኬ በመሃላቸው ተኝታ የሁለቱንም ፊት ታያለች፤ ማን ማን እንደሆነ አንዴ ይመጣላታል፣ አንዴ ይጠፋታል። ሰፊዋ አምቡላንሱን ለመጠበቅ ወደ በሩ ወጥታለች። ደጅ መሽቶ ሳይጨርስ፣ ነግቶም እንደማያውቅ ሆኖ ደብዝዟል።

የአክስቷ ስልክ ጮኸ። ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ በሩ ግን አልገጠመም።

«አቤት... አዎ እኔ ነኝ... ያሳክክሻል?» አልጋው ላይ ያለችውም፣ አጠገቧ የቆመችውም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። አክስቷ አንዴ ሳል አለች። «አይ... እሱማ እንዲያው ነው። መጀመሪያ ሳያባብስ የሚያድን ነገር... አዎ። አትፍሪ። የኔን ልጅ አታውቂያትም? ይኸውልሽ አሁን አጠገቤ ናት፣ ምንም አልሆነችም፣ ሐኪምም አይቷታል...»

ብርጭቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የልኬን እጅ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ መዳፏ እንደ ክሩ ቅቤ ነጭ ሆኗል። በሩን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ አለች።

«እኔ እኮ አንዲቷንም ውጬ አላውቅም» አለች። «ስትሸተኝ ያጥወለውለኛል። እማዬ ቆማ ታየኝ ስለነበር ምላሴ ሥር ይዤያት ገብቼ፣ መስኮቱ ላይ ያለው አበባ ላይ ነበር የምተፋው። እሱን እስኪያደርቀው ተፋሁት። ፊቴ ስወለድም እንዲህ ነበር፣ የአባቴ እናት ፊት ነው። ልነግራት ብል ፎቶዬን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገራት? መምጣቱንም ተውኩት።»

ልኬ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከደጅ የአምቡላንሱ ጩኸት ይሰማል።

«አንቺም» አለች ብርጭቆ፣ «አንቺም እንደኔ የምትተፊው መስሎኝ ነበር።»